ቆልፈሽብኝ ሂጂ

ደራሲ ወልደጻድቅ የሞተው በገዛ መጽሐፎቹ ተከቦ ነው። በሩ ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት እያለቀሰም ቢሆን አንድ ነገር ሳያነሳ አላለፈም፤ ሟቹ በሕይወቱ እንዲህ ፊቱ ቀልቶ፣ ሙሽራ መስሎ አያውቅም። የአሰላ ብርድና የመጽሐፍ ገበያ ተጋግዘው ያገረጡት ሰው ነበር።

ኢንስፔክተር አልጣሽ ግን ቅላቱን አልወደደችውም።

«ይኼ ጤና አይደለም» አለች ጎንበስ ብላ። «ይኼ የከሰል ነው።»

የመጣው ሐኪምም ያንኑ ደገመ። ምድጃው ክፍሉ መሐል ቆሟል፤ አመዱ ላይ ገና ያልተያያዘ ከሰል ተጨምሮበታል። ነሐሴ ነው። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ጣቱ የደነዘዘ ደራሲ ደግሞ አይጽፍም። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ በየክረምቱ እንዲህ የሚሞት ሰው አይጠፋም።

አልጣሽ ክፍሉን ዞራ አየችው። ትልቁ መስኮት መኖሩም አይታወቅ፤ ከወለል እስከ ጣሪያ በተደረደሩ የመጽሐፍ እሽጎች ታፍኗል። በእሽጎቹ ውስጥ ያለው አንድ መጽሐፍ ነው፤ «ሰባተኛው ጋሪ»፣ የወንጀል ልቦለድ። ደራሲው ወልደጻድቅ፣ አሳታሚው ወልደጻድቅ፣ አከፋፋዩም ራሱ ወልደጻድቅ። በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ግን ከፍ ብሎ መስታወት የሌላት ትንሽ መስኮት አለች፤ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ተመቶባታል። የነሐሴ ነፋስ በእርሷ በኩል እያፏጨ ይገባል።

«ሙህሲን፣ ይህ ሁሉ ነፋስ እየገባ ከሰል ሰው ይገድላል?»

ኮንስታብል ሙህሲን ኮፍያውን አወለቀ፣ አሰበ፣ መልሶ ደፋው። «እንዲህ ከሆነስ ብርዱ ነው የሚገድለው ኢንስፔክተር።»

«ወንበሩስ ጠረጴዛውን ትቶ እዚያ ምን ያደርጋል?»

ወንበሩ ከትንሿ መስኮት ሥር ነበር። ወልደጻድቅ ከወንበሩ እግር አጠገብ ወድቋል። በቀኝ እጁ የጨበጠው እስክሪብቶ ጫፉ ተጣሟል።

ሚስቱ ሰሎሜ ደጁ ላይ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ አንገቷ ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል፣ ከሜትሩ ጎን ደግሞ በክር የታሰረ ቁልፍ።

«በሩን ማን ቆለፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከውጭ? እሱ ውስጥ እያለ?»

«እሱ ነው የሚለኝ እህቴ። መጽሐፍ ሲጀምር እንደ ባሕታዊ ነው። ‹ቆልፈሽብኝ ሂጂ፤ የት ነው ካሉሽ ጮሌ ከተማ ሄዷል በይ› ይላል። ጓጉንቸር ካላየ ሰው ይመለሳል? ቁጭ ብሎ ስለ ኑሮ ሲያወራ ይውላል እንጂ።»

«ሌላ ቁልፍ አለ?»

«ይኼው ብቻ ነው። ከአንገቴ አልወረደም።»

ጎረቤቱ እርስ በርሱ ተያየ። እኛ ሰፈር እርስ በርስ መተያየት ከምስክርነት ይቆጠራል።

«ዛሬ የት ዋልሽ?»

«ኦጎልቾ፣ የወንድሜ ሚስት ወልዳ። በመጨረሻው ሚኒባስ ተመለስኩ። ስከፍተው…»

«መጽሐፉ ይሸጥ ነበር?»

ሰሎሜ ወደ እሽጎቹ አየች። «ቤታችን ውስጥ መስኮት የነበረን መሰለኝ አንድ ጊዜ» አለች።

ጣቢያ ያሉት አለቃ ብዙ አላሰቡም። በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ ቁልፉ አንድ ነው፤ ሴትዮዋ በመጽሐፍ ክምር ተማራለች። ቀብሩ በነጋታው ቀትር ላይ ነው፤ ሌላ ነገር ካልተገኘ ሰሎሜ ከቀብር መልስ ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ ጣቢያ ትሄዳለች።

«የሞተውን እንድትቀብር እንኳ ፈቅደናል» አሉ፤ ቸርነታቸው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አልጣሽ በመንገዱ በኩል ዞረች። ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ስለተሠራ፣ ከውስጥ ከፍ ያለችው መስኮት ከውጭ ደረት ላይ ነች። ሰማያዊ የተቀባው ግድግዳ የኦጎልቾና የጮሌ ተሳፋሪ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ነው፤ በከተማው እንደዚህ ለማስታወቂያ የተመቸ ግድግዳ የለም። የወልደጻድቅ ፖስተር ፀሐይ አደብዝዞት አሁንም አለ። ጨለማ ቤት ተሥሎበታል። የሥዕሉ መስኮት ተቀዶ እውነተኛዋ መስኮት እንድትገባበት ተደርጓል፤ ከሥሩ፦ «ገዳዩ ከዚህ መስኮት አጠገብ ቆሟል። ማን ነው?»

«ጭንቅላት ነበረው» አለ ሙህሲን።

«ጭንቅላቱ አልጎደለም። ገዥ ነው የጎደለው። እስቲ ዳሩን ንካው።»

በመስኮቷ ዙሪያ፣ በአሮጌው ፖስተር ላይ፣ ገና በደንብ ያልደረቀ የዱቄት ሙጫ አለ። ከፖስተሩ ጠርዝ አልፎ ያለው ሰማያዊ ቀለም በቀጭኑ ተልጧል፤ አንድ ሰው የለጠፈውን ነገር በችኮላ የነቀለ ይመስላል። ሙህሲን በጣቱ ነክቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋና ባጃጅ እስኪቆም ድረስ አስነጠሰው።

«በርበሬ!» አለ ዓይኑን እያበሰ። «ሙጫ ውስጥ በርበሬ ማን ይጨምራል?»

ከመንገዱ ማዶ የሁሴኖ መጽሐፍ መደብር ነው፤ ትልቅ ሞንታርቦ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሴኖ ሽማግሌ ነው፤ ይሸጣል፣ ያከራያል፣ ከሁለቱ በሁለተኛው ይኖራል።

«ኦቦ ሁሴኖ፣ ሟቹን እንዴት ያውቁታል?»

«ወላሂ እንደ ልጄ ነበር። እኔ ነኝ የገደልኩት ብትይኝ አልከራከርም።»

ሙህሲን ቀና አለ። አልጣሽ በእጇ አረጋጋችው።

«እንዴት ገደሉት?»

«አከራየሁበት። አንዱን መጽሐፍ መንደር ሙሉ አነበበው። ይህን ሲያይ ምን አደረገ መሰለሽ? የመጨረሻውን ምዕራፍ በሰሎሜ የስፌት መኪና አሰፋው፣ በቀይ ክር። ገዳዩን ማወቅ የፈለገ ገዝቶ ይተርትር ነው። በክር የተሰፋ መጽሐፍ አከራይቼ አላውቅ! ያን ሰሞን ተሸጠ፤ አትዋሽ ካልሽኝ፣ በጣም ተሸጠ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ ባጃጅ ነጂ ገዝቶ ተረተረ። በጣም ወደደው፤ ከመውደዱ ብዛት ባጃጁ ኋላ ላይ በትልቁ ጻፈው፦ ‹ገዳዩ ባለጋሪው ነው›። ከተማውን ሲዞርበት ዋለ። ማን ይግዛ? ፍቅር ቢሆን መጨረሻው ቢታወቅም ይነበባል፤ የወንጀል መጽሐፍ ግን ገዳዩ ከታወቀ ማገዶ ነው።»

«ሞንታርቦውስ?»

የሁሴኖ ፊት ጠቆረ። «የመጀመሪያውን ምዕራፍ በድምፁ ቀድቶ ሰጠኝ። ሬሳው እስኪገኝ ያነባል፤ እዚያ ላይ ቆርጦ ‹ገዳዩ ማን ነው?› ይላል። ትናንት ሙሉ ቀን ከፍ አድርጌ ስለቀው ዋልኩ። ሞቶ ኖሯል ለካ፤ እኔ በድምፁ ገበያ እጠራለሁ።»

አልጣሽ ከሞንታርቦው እስከ ሰማያዊው ግድግዳ በዓይኗ ለካች።

የቀረው በእውቀቱ ነው። የወልደጻድቅ ጓደኛ፣ የፍቅር ልቦለድ ደራሲ፤ እሱም የራሱ አሳታሚና ተሸካሚ። መናኸሪያ ውስጥ መጽሐፎቹን ክንዱ ላይ ደርድሮ ከአውቶቡስ አውቶቡስ ሲዞር አገኙት። መጽሐፉ «አዳማ ድረስ ወደድኩሽ» ይባላል። ከበስተጀርባው ትልቅ ባለ ቀለም ፖስተር ተለጥፏል፤ ቀይ ልብ፣ በልቡ ላይ ሁለት ተሳፋሪ።

«ይቅርታ፣ በሐዘን ላይ ነኝ» አለ በእውቀቱ፤ ከዚያ ወደ አውቶቡሱ መስኮት ዞሮ «እናቴ፣ ለመንገድ የሚሆን ፍቅር አለኝ!» አለ።

«ገበያ እንዴት ነው አቶ በእውቀቱ?»

«ዘዴው መጠኑ ላይ ነው ኢንስፔክተር። አሰላ የጀመረ አዳማ ሲደርስ እንዲጨርሰው አድርጌ ነው የጻፍኩት። ሽፋኑ ደግሞ ልብ ነው፤ ሰው ከሩቅ አይቶ ምን እንደሚገዛ ይወቅ። ወልዴን ስንት ጊዜ መከርኩት! አንባቢህን እወቅ አልኩት። የወንጀል አንባቢ ተጠራጣሪ ነው፤ ገንዘብ ሲያወጣም ይጠራጠራል።»

«አልሰማዎትም?»

«እሱ? እሱ ግድግዳውን ጌጥ ሲያደርግ ነው የኖረው።»

አንድ ጋሪ አጠገባቸው ቆመ። ፈረሱ እንደ ልማዱ አንገቱን ሰግጎ ፖስተሩን ሊልስ ቀረበ፣ አሸተተ፣ በኃይል አስነጠሰውና ሸሸ።

«ምነው ፈረሱ ፍቅር አይወድም?» አለች አልጣሽ።

በእውቀቱ ሐዘኑን ረስቶ ሳቀ። «የአሰላ ፈረስ የዱቄት ሙጫ ሱሰኛ ነው! የወልዴን ፖስተር ስንቴ ልሶ ጨረሰበት። እኔ በርበሬ ጣል አደርግበታለሁ። ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ለማንም አልነግርም።»

«ሚስጥርዎ ይጠበቃል። ወልደጻድቅን በመጨረሻ መቼ አዩት?»

«ከትናንት በስቲያ። ትናንት ጠዋት ሰሎሜን እዚሁ አገኘኋት፣ ለኦጎልቾ ስትሳፈር። የት አለ ስላት ‹ጮሌ ሄዷል› አለችኝ። እንግዲህ ቆልፋበት ኖሯል…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክፉ አይውጣኝና መሯት ነበር። ያ ሁሉ መጽሐፍ ቤት ውስጥ። ሴት ልጅም ሰው ናት።»

አልጣሽ እየሰማችው ወደ ፖስተሩ ጠጋ አለች። ልቡ መሐል ላይ፣ ከሁለቱ ተሳፋሪዎች ዝቅ ብሎ፣ ምስር የምታህል ቀዳዳ አለች። የቀዳዳዋ ከንፈር ወደ ውጭ ተገልብጧል፤ ዙሪያዋም ሰማያዊ ቀለም ነክቷታል።

«ሙህሲን» አለች ቀስ ብላ። «ይህን ፖስተር ሳትቀድ አንሳልኝ።»

በእውቀቱ «እንዴ፣ ባለ ቀለም እኮ ነው!» ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው።

ከቀብር መልስ አልጣሽ ሦስቱን ወልደጻድቅ በሞተበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሰሎሜ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆመች፤ የምታድርበት ጣቢያ ይሁን ቤቷ የሚወሰነው አሁን እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ለሁለቱም ግድ ያላት አትመስልም። ሁሴኖ እሽግ ላይ ተቀምጧል። በእውቀቱ በሩን ተደግፏል።

«ከመስኮቷ ልጀምር» አለች አልጣሽ። «ተከፍታ ብትሆን ወልደጻድቅ አይሞትም ነበር። ስለዚህ ሲሞት ተዘግታ ነበር፤ ስናገኘው ግን ክፍት ናት። በውስጥ በኩል መዝጊያ የላትም። የዘጋት ከውጭ ነው፤ የከፈታትም ከውጭ።»

«ሰሎሜስ?» አለ ሙህሲን፤ እንዲጠይቅ ተነግሮታል።

«ሰሎሜ ቀኑን ኦጎልቾ ነበረች፤ አብሯት የተሳፈረ ሁሉ ይመሰክራል። ከሚኒባስ ወርዳ በሩን ከፈተች፣ ጮኸች፣ ጎረቤት ገባ፤ ከዚያ በኋላ ከሰው ዓይን አልተለየችም። በመንገዱ በኩል ዞራ የተለጠፈ ነገር ለመንቀል ጊዜም አልነበራትም።»

«የተለጠፈ?» አለች ሰሎሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ።

«መስኮቷ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ሙጫው በርበሬ አለበት። በዚህ ከተማ ሙጫ ውስጥ በርበሬ የሚጨምር አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ራሱ ነግሮኛል።»

በእውቀቱ በሩን ለቀቀ።

«የጓደኛው መጽሐፍ ከሞተ ግድግዳው ባዶ ነው ብሎ አሰበ» አለች አልጣሽ፤ ስለማን እንደምትናገር ግልጽ ነበር። «መጀመሪያ ግቢውን አየ። ጓጉንቸር አለ። ጮሌ ሄዷል ተብሏል። አሮጌውን ፖስተር ከነመስኮቷ ሸፍኖ የራሱን ለጠፈ፤ ለፈረስም ለነፋስም እንዳይበገር አድርጎ። ሙህሲን!»

ሙህሲን ወጥቶ ዞረና ፖስተሩን ከውጭ በመስኮቷ ላይ ለጠጠው። ክፍሉ ጨለመ። ትልቁ መስኮት በእሽግ ተዘግቷል፤ ትንሿ በልብ። በጨለማው መሐል ግን እንደ ክር የቀጠነች ብርሃን ከመስኮቷ ወርዳ ወንበሩ ላይ አረፈች።

«የወንፊቱ ሽቦ እጅ አያሳልፍም» አለች አልጣሽ ከጨለማው ውስጥ። «የእስክሪብቶ ጫፍ ግን ያሳልፋል። አየር ሲያጥረው ወንበር ላይ ወጣ። ወረቀቱን ወጋው። አንዴ ብቻ ቻለ። የፖስተሩ ጀርባ ላይ የግድግዳው ሰማያዊ ቀለም ተልጦ ተጣብቋል፤ ቀዳዳው ዙሪያ ደግሞ የእስክሪብቶው ቀለም አለ።»

ሰሎሜ እጇን ዘርግታ ብርሃኗን መዳፏ ላይ ተቀበለቻት።

«ጮሌ ሄዷል አላልሽኝም?» ጮኸ በእውቀቱ። «ሰሎሜ! አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ» አለች መዳፏን እያየች። «እኔ ነኝ ያልኩህ።»

ትንሽ ቆየችና «አልሰማኸውም? አንኳኩቶ ይሆናል እኮ፤ ተጣርቶ ይሆናል» አለች።

የመለሰው ሁሴኖ ነው፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ።

«እንዴት ይሰማዋል ልጄ? ሞንታርቦው ነበር። ራሱ ወልደጻድቅ ‹ገዳዩ ማን ነው› እያለ ሲጮህ ነበር።»

ሙህሲን ክንዱ ዝሎ ፖስተሩን ሲያወርድ ብርሃን ገባ፤ ማንም ማንን ማየት የፈለገ አልነበረም።

«መለጠፍዎ ስሕተት ነው» አለች አልጣሽ ወደ በእውቀቱ ዞራ። «ሰሎሜ ስትጮህ ሮጠው እንደመጡ ጎረቤት ነግሮኛል፤ ሬሳውን አዩ፣ ገባዎት፤ ዞረው ነቀሉት። እሱም የድንጋጤ ነው እንበል። ዛሬ ጠዋት ግን ቀዳዳውን እያዩ ‹መሯት ነበር› አሉኝ። ይኼኛውን ምን እንበለው?»

«ፈራሁ።»

«ታዲያ ለምን አላቃጠሉትም? ቢያቃጥሉት እኔም አልደርስበትም ነበር።»

በእውቀቱ ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው ነገር ውሸት አልነበረም።

«ባለ ቀለም ነው ኢንስፔክተር» አለ። «ሁለተኛ ማሳተም አልችልም። ቀዳዳዋ ትንሽ ናት፣ ከሩቅ አትታይም ብዬ ነው።»

ሙህሲን ገብቶ ይዞት ወጣ። አልጣሽ ለሰሎሜ «ነፃ ነሽ» አለቻት።

«ከምኑ እህቴ?» አለች ሰሎሜ። አልጣሽ ኮፍያዋን አድርጋ ወጣች።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ የሞተ ደራሲም መጽሐፉ እንደዚያው ነው። በሰባቱ የሐዘን ቀናት ወሬው አዳማ ደረሰ፣ ሰው ከጮሌ ሳይቀር መጣ። ባለ ባጃጁ አፍሮ ጽሑፉን ፋቀው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው በዛ። ለቀስተኛው ሰሎሜን ካጽናና በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ይቀርልኝ ይሆን?» ይል ጀመር። ሁሴኖ እሽጉን እየፈታ ሰጠ፤ ሞንታርቦውን ግን ዳግም አልከፈተውም።

«የመጨረሻው ምዕራፍ ምን ይላል?» አለቻት አንዷ ጎረቤት። ክሩን የሰፋችው እሷ ናትና ታውቃለች ብላ ነው።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች ሰሎሜ። «እኔም ያነበብኩት ባጃጁ ላይ ነው።»

የመጨረሻው እሽግ በወጣ ቀን ትልቁ መስኮት ታየ። ማጠፊያው ዝጎ ነበር፤ ሰሎሜ በመዶሻ መታ መታ አድርጋ ከፈተችው። የጭላሎ ነፋስ ገባና ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ዞረው፤ የሚገለብጠው ወረቀት አላገኘም። ምድጃውን አነሳች፣ ወለሉን ጠረገች፣ ወጣች።

ከልማድ የተነሳ በሩን በጓጉንቸር ቆለፈችው። ከዚያ እዚያው ቆማ የሚያልፈውን ሰው ጠበቀች፤ የት ነው ብሎ የሚጠይቃት ግን አልነበረም።